ሆዷን ማን ያየዋል?

ማርች 6፣ 2019

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዩሪዲያ ናት፤ የልጄ የማክሎቪዮ ልጅ፣ የመንደራችን አስተማሪ። «አያቴ፣ ሐኪሙ አትጩህ ብሎሃል። ንዴትህን እዚህ ላይ ጩኸው» አለችኝ። ሽፋኑ ላይ የድመት ሥዕል አለ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ፣ ስልሳ አምስቱን ድንጋይ ስጠርብ ከርሜ፣ መጨረሻዬ ለድመት ማውራት ሆነ።

እሺ። ድመት ሆይ፣ ስሚ።

ነጩ መኪና ዛሬም መጣ። ባለቤቱ ኢንጂነር ሳልዲቫር ይባላል፤ ውሃ በጠርሙስ አሽጎ የሚሸጥ ኩባንያ ሰው ነው። አምና ከኮረብታው ማዶ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የመንደራችን የኮዋፓን ምንጭ በአንድ ክንድ ወረደ። ዘንድሮ ደግሞ እዚሁ አናታችን ላይ ሁለት ሊቆፍሩ ነው።

«ዶን ኤፒግሜኒዮ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለኝ።

«አንተን እስካይ ድረስ ደህና ነበርኩ።»

ሳቀ። የሚስቅ ጠላት ያናድዳል። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያናደድኩት እየሳቅሁ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

ማክሎቪዮ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አንድ መከላከያ ብቻ ነው ያለን ይላል፦ ምንጩ ራስ ላይ ተጠምጥማ የተቀመጠችው የድንጋይ እባባችን። የጥንት ሥራ መሆኗ በቅርስ ቢሮ ከተመዘገበ፣ በዙሪያዋ መቆፈር በሕግ ይከለከላል። ካልተመዘገበ እስከ ገና ባልዲያችን አቧራ ይቀዳል።

ይህን ሲናገር ስብሰባው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እባቧን ያዳንኳት እኔ ነኛ! ታሪኩን ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ዛሬ ደሜ ከፍ ብሏል።

ማርች 9

ማክሎቪዮ ለአንድ ሆቴል አራት እባብ እየሠራ ነው። በግራይንደር! ጆሮ እስኪደነቁር። አንዷን ገለበጥኳት። ከታች ልሙጥ። እንደ ሕፃን መቀመጫ ልሙጥ።

«ሆዷ የታለ?» አልኩት።

«አባዬ፣ የአትክልት ቦታ ጌጥ እኮ ናት። መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው። ሆዷን ማን ያየዋል?»

መዶሻውን ወረወርኩት። እሱ ላይ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ። የግድግዳው ሰዓት ግን እዚያው ነበር።

መሮ አያያዝ ያስተማረኝ አያቴ ነው። እሱ ሲናገር እንዲህ ነበር፦ የላዩ ለሰው፣ የታቹ ለምድር። ምድር አፏን ከፍታ ከታች ትጠብቃለች፤ እኛ ከላይ እንደምናነብ እሷ ከሥር ታነባለች። ስለዚህ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ማንም የማያየውን ሆድ ቅርፊት በቅርፊት ይጠርቡታል፣ ቀይ ይቀቡታል፣ ከዚያ ይገለብጡትና ለዘለዓለም ይሸፍኑታል። ቄሱ እባብ በሆዷ እንድትሄድ ተረገመች ብለው ሲሰብኩ አያቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይስቅ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ምድርን መሳም እርግማን ነው እንዴ?»

ማክሎቪዮ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። እንደ ጩጬ ሰደብኩት። ሚስቱም ሰማች። አንገቱን ደፍቶ የሰዓቱን ስባሪ ለቀመ።

ራት አልበላም ብዬ ተቀምጫለሁ። የባቄላው ሽታ ግን እስከዚህ ይመጣል። ክፉዎች።

ማርች 10

«እባብ የሚሄደው በሆዱ ነው።»

ያ ሰውዬ ዛሬ ምን አስታወሰኝ? የደም ግፊቴ 170 በ100። ማንም አይጠይቀኝ።

ማርች 15

ምንጩ ጋ ሴቶቹ ተሰልፈው ባልዲ ይጠብቃሉ። ድሮ ውሃው ራሱ ነበር ባልዲ የሚጠብቀው። እባቧ እንደ ወትሮዋ ሦስት ዙር ተጠምጥማ፣ ምላሷን ለሁለት ከፍታ፣ እንደ አገራችን መርዘኛ እባብ የሚንኳኳውን የጅራቷን ቃጭል ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። እሷ ምን ቸገራት።

ዶኛ ኤውፍሮሲና ገንቦዋን ይዛ መጣች። እሷና እኔ አንድ ዘመን ነን፤ ሟች ባለቤቴን ሩፊናን ያሳደግኳት እኔ ነኝ ትላለች፣ የምትበልጣት በሦስት ዓመት ሆኖ። በየሳምንቱ ለእባቧ ፑልኬ፣ ያንን ነጭ የአገራችንን ጠላ፣ ታፈሳለች፦ አንድ ዋንጫ ከላይ፣ አንድ ዋንጫ ከሥሯ ካለው ስንጥቅ።

«እንደምን አደርሽ፣ ባለ እባብ ቀሚሷ?» አልኳት። የጥንቷ እናት አምላክ እባብ ጎንጉና እንደ ቀሚስ ትለብስ ነበርና።

«ደህና አደርኩ፣ ባለ ሁለት ምላሱ» አለችኝ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ይህን የመሰለ መጠጥ ድንጋይ ላይ ከምታፈሺ እኔ አፍ ላይ ብታፈሺው ምን አለ?»

«አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለመንታዋ። ለአንተ የቀረ የለም።»

በአያቶቻችን ቋንቋ ኮዋትል ማለት እባብም ነው፣ መንታም ነው። ቃሉ አንድ ነው። ዛሬም ጎረምሶቹ የልብ ጓደኛቸውን «ኩዋቴ» የሚሉት ከዚያው ነው። «ታዲያ መንታዋ የት አለች?» አልኳት። ኤውፍሮሲና ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ገንቦዋን ከደነች። እንዲህ የሚያይ ሰው አልወድም። ወገቤን አመመኝ ብዬ ሄድኩ።

ማርች 22

ዩሪዲያ እየዘለለች መጣች። ለቅርስ ቢሮው ደብዳቤ ጽፋ ኖሮ መልስ መጥቷል፤ ዶክተር ኦልጊን የሚባሉ ባለሙያ እባቧን ሊመረምሩ ይመጣሉ።

«ማን ላኪ አለሽ?»

«አያቴ! ደስ ይልሃል ብዬ...»

«እኔን ሳትጠይቂ! ይቺ መንደር ስንት ሰው ነው የሚያዝባት?» ብዬ ጮህኩ። ድመቷን ረስቼ ጮህኩ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ደግሞ፣ እሷም የኔ ዘር ናትና፣ እንባዋን ውጣ «በል አሁኑኑ ለተማሪዎቼ ታሪኩን ንገርልኝ፣ ቅጣትህ ነው» አለችኝ።

ነገርኳቸው፤ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዜር ይቁጠረው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት አንድ ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ የባለሥልጣን ወረቀት ይዞ ከከተማ መጣ፣ እባቧን ሊወስድ። ሽማግሌዎቹ ለምነው ሦስት ሳምንት አገኙ። በዚያ ጊዜ የሃያ ስምንት ዓመቱ ኤፒግሜኒዮ አምሳያዋን ጠረበ፣ በኮመጠጠ ወተትና በጭቃ አሻት፣ አስረጃት። ሰውዬው አምሳያዋን ጭኖ እየዘፈነ ሄደ። እውነተኛዋ ወደ ምንጯ ተመለሰች። ቀበሮው የሚል ስም የወጣልኝ ያኔ ነው።

ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዲት ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ «ሰውዬው እንዴት ሳያውቅ ቀረ?» አለች።

«ደደብ ስለነበረ» አልኳት።

ደደብ አልነበረም።

ኤፕሪል 2

ዶክተር ኦልጊን መጡ። ግዙፍ ባለ ኮት ሰው ጠብቄ ነበር። አጭር ሴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ላይ የተጣፈ ሱሪ የለበሱ። እባቧ ፊት ተንበርክከው መጀመሪያ «ደህና ዋልሽ» አሏት። ወደድኳቸው፤ መውደዴ አናደደኝ።

በብሩሽ ጠራረጉ። የጅራቷን ቃጭሎች ቆጠሩ፣ አሥራ ሦስት። ቅንድቧን፣ ጥርሷን፣ ምላሷን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይህን የሠራ እጅ ግሩም እጅ ነው» አሉ። ጆሮዬ ለምን እንደጋለ አላውቅም። ፀሐይ ይሆናል።

ከዚያ ብድግ ብለው «ላይዋ ብቻውን አይመሰክርም። የጥንቶቹ ከሥር ይጠርባሉ። አንስተን ሆዷን እንይ» አሉ።

ሄጄ እባቧ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዶን ኤፒግሜኒዮ?» አሉኝ።

«እንቁላሌን ታቅፌ ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልተነሳሁም። አያቶቻችን ከቦታዋ የነቀላት ዝናብን ነቀለ ብለዋል አልኩ። የዝናብ አባት መብረቁን የሚወረውረው እባብ አድርጎ ነው፤ ይቺ የውሃ በር ናት፤ በር የነቀለ ቤቱን ያጣል አልኩ። እውነት እውነት የሚሸት ነገር ሁሉ ከአፌ ወጣ። ግማሹን አያቴ በእርግጥ ብሎታል።

ድመት ሆይ፣ አመኑኝ! ሃያ ሴቶች እባቧን ከበው ቆሙ፤ «ቀበሮው አትነካም ካለ አትነካም!» ማክሎቪዮ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ዶክተሯ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

ሙሉ ከሰዓቱን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ኪንታሮቴ ተነሳ።

ኤፕሪል 4

የምንጩ ውሃ ሁለት ጣት ወረደ። ሰው ሲያመሰግነኝ ምላስ መቁረጥ ያምረኛል። የራሴን ይሁን የነሱን አላውቅም።

ኤፕሪል 11

ከነገሩ የባሰው መጣ፤ ጎትቼ ያመጣሁትም እኔ።

መንደሩ እባቧ አትነሳም ስላለ፣ ቅርስ ቢሮው ሌላ መንገድ ሰጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሸንጎ ፊት ምሎ ይፈርም፦ ይህች ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ የነበረችዋ ናት፣ በሌላ ተለውጣ አታውቅም። በዚያ ፊርማ ቁፋሮው ለጊዜው ይታገዳል። ፊርማው ኤፕሪል 28፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ሳልዲቫር ከጠበቃው ጋር መጥቶ አደባባዩ ላይ ለማክሎቪዮ ነገረው፤ ሁሉም ሰማ። «ፈርም ወንድሜ። ግን አንድ ቀን ትገለበጣለች። ያን ቀን ሐሰት ከሆነች ምንጩ የኛ፣ እስር ቤቱ ያንተ።»

ማክሎቪዮ ምን አለው? «አባቴ ነው ያዳናት። አባቴ ቀልደኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።»

ሳልዲቫር ወደ እኔ ዞረ። «የምትደብቁት ከሌለ ገልብጧታ፣ ዶን ኤፒግሜኒዮ።»

«መጀመሪያ ሚስትህን ገልብጣት» አልኩት። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ሳቀ።

ከንቱ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ከንቱ።

ኤፕሪል 19፣ ስቅለት

ሁሉም ሰው የስቅለቱ ጉዞ ላይ ነው። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ቤቱ ባዶ ነው። እንግዲህ ለአንቺ ልንገርሽ፣ ድመት። ጢምሽን አታወዛውዢ።

ሁለቱም እባቦች ግቢዬ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ እውነተኛዋና የኔዋ። የኔዋ ከላይ አልቃ ነበር። እናቷ እንኳ አትለያትም ነበር። የቀረኝ ሆዷ ብቻ ነው፤ የሁለት ቀን ሥራ፣ ምናልባት ሦስት። ቀጠሮው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የደብሩ በዓል ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ከከተማ መጥተው፣ ሩፊና ቢጫ ሪባን አስራ። ለሦስት ወር አንድ ቃል እንድታናግረኝ ስጠብቃት የነበረችው ሩፊና። መሮዬን ይዤ ቆምኩ። ዋሽንቱ ተነፋ። «ሆዷን ማን ያየዋል?» አልኩ።

አዎ። እኔ ነኝ ያልኩት። ልክ እነዚያኑ ቃላት።

ሁለት ቀን ጨፈርን። እሑድ ማታ እሺ አለችኝ።

ሰኞ ሰውዬው መጣ። ቀጭን፣ ጓንት ያደረገ፤ በገለባ የሸፈንናትን እውነተኛዋንም ገልጦ አገኛት። ሁለቱን እባቦች ከላይ ዓይቶ በእርግጥ ግራ ገባው። ልቤ ዘፈነ። ከዚያ ለሠራተኞቹ «ገልብጧቸው» አለ። የአንዷ ሆድ ቅርፊቱ ተደርድሮ፣ ቀዩ ቀለም በስንጥቆቹ ውስጥ እንደ ትናንት ደም። የአንዷ ልሙጥ። ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጉንጬን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና «ጎበዝ ልጅ ነህ። ግን ረሳህ። እባብ የሚሄደው በሆዱ ነው» አለኝ። እውነተኛዋን ጭኖ ሄደ።

ከመንደሩ አራት ነበርን ያየን፤ ሦስቱ ሞተዋል። ዝናብ እየዘነበ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ የኔዋን ወስደን እውነተኛዋ የተነቀለችበት የምንጩ ጉድጓድ ላይ ጣልናት። የምንጥልበትን እንኳ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መንደሩ ሲደርስ «ቀበሮው አታለለው!» ብሎ አነሳን። ከትከሻ ላይ መውረድ እንዴት ይቻላል? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሃምሳ አንድ ዓመት ነገ እያልኩ ነው።

ሩፊና ታውቅ ነበር። ከሠርጋችን በኋላ እባቧ ጋ አበባ አስቀምጣ አታውቅም። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ያ ነው የማያስተኛኝ።

ከበሮው እየቀረበ ነው። በቃ።

ኤፕሪል 24

ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሙቀት ቤቱ ሲገባ፣ መሮዬንና ትንሿን መዶሻ ይዤ ወደ ምንጩ ሄድኩ። በጎን ቆፍሬ፣ እጄን ከሥር አስገብቼ፣ ጥቂት ቅርፊት እንኳ ልጭርባት ብዬ። ጅል። እጄ እስከ ክንዴ ገብቶ ተወተፈ። በደረቴ ተኝቼ፣ ፊቴ ጭቃ ውስጥ፣ ሳልነቃነቅ ቀረሁ።

«ከቀሚሷ ሥር ምን ትፈልጋለህ፣ ባለጌ ሽማግሌ?»

ኤውፍሮሲና። ከሰው ሁሉ ኤውፍሮሲና።

«አውጪኝ።»

«መጀመሪያ ተናዘዝ።»

«የምናዘዘው የለኝም!»

ተቀመጠች። ገንቦዋን አስደገፈች። «ሩፊና በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነግራኛለች» አለች ረጋ ብላ።

ትንፋሼ ጭቃ ነፋ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን አለፋሽ? ፑልኬውን ለማን ነው የምታፈሺው? ለኔ ሥራ?»

«የላዩን ላንተ ሥራ፣ እንዳይከፋህ። የሥሩን ከሥር ላለችው። እናቴ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለመንታዋ ብላ አስተምራኛለች። ላዩ ተሰረቀ ብዬ ለምን ልተው?»

ታላግጣለች አልኩ። ክንዴን ስባ አወጣችኝ፤ ቆዳዬ እዚያው ቀረ። እባብም በዓመት አንዴ ቆዳዋን ትጥላለች፤ እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ጀመርኩ።

«እሑድ ልጅህ ይፈርማል» አለችኝ ስሄድ።

«አውቃለሁ!»

«ጩኸትህን ለእሑድ አስቀምጠው።»

ኤፕሪል 28

ተናገርኩ።

ማክሎቪዮ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። ዶክተር ኦልጊን በቀኙ፣ ሳልዲቫርና ጠበቃው በግራው። ሸንጎው ጢም ብሎ ሞልቷል። ተነሳሁ። ሰው ቀልድ ጠብቆ ከወዲሁ ፈገግ አለ፤ ይህ የማላገጥ ዋጋ ነው።

«አትፈርም» አልኩት። «ምንጩ ላይ ያለችው የኔ ናት። ሰውዬው እውነተኛዋን ነው የወሰደው። አላታለልኩትም። እሱ ነው ያወቀብኝ።»

ሳቁ! ድመት ሆይ፣ ሳቁ። «ቀበሮው ደግሞ ምን አምጥቷል!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። በመጨረሻ «ሆዷ ልሙጥ ነው፣ እናንተ ደደቦች! እኔ ለመጨፈር ሄጄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ያኔ ሳቁ ቆመ። ዩሪዲያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሳልዲቫር በቀስታ ማጨብጨብ ጀመረ።

ማክሎቪዮ እስክሪብቶውን ከደነው፣ ኪሱ ከተተው። አልጮኸም። አባቱን አይመስልም። «ሰዓቴን የሰበርክብኝ» አለ፣ «ለዚህ ነው?»

ባርኔጣዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ያኔ ከኋላ ኤውፍሮሲና በትሯን መሬት ላይ መታች። «ቀበሮው ሲያልቅበት እኛ እንጀምር። አሁን እንግዲህ ምን የምንጠብቀው ነገር አለ? አንሷትና ከሥር ያለችውን እንይ።»

«ከሥር ምን አለ?» አሉ ዶክተሯ።

«መንታዋ» አለች ኤውፍሮሲና፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን እንደተጠየቀ ሰው።

ሳልዲቫር ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቁም። «የቆመችበትን ማየት እፈልጋለሁ» ብለው ቀን ቆረጡ።

ኤፕሪል 30

ማንም ሰላም አይለኝም። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦዬን ያለ ቃል ሰጠኝ። ልጆቹ በኔ ታሪክ የሚሠሩትን ቲያትር ትተውታል። ጥርሰ ወላቃዋ ብቻ አጥር ላይ ተንጠልጥላ «ያኔውኑ አውቄብህ ነበር» አለችኝ። እሷን ማን ይቆጣታል። ልክ ናት።

ሜይ 2

ስምንት ሰው፣ ሁለት ግንድ፣ አንድ የማክሎቪዮ መጎተቻ ሰንሰለት። ልጄ እኔን «ራቅ በል» አለኝ። ራቅ አልኩ፤ ሦስት እርምጃ።

ተነሳች። ሆዷ ለፀሐይ ታየ። ልሙጥ። መሃሉ ላይ መሮዬ አንድ ጊዜ ያረፈበት ጭረት አለ፤ ዋሽንቱ ሲነፋ ያቆምኩባት። ሳልዲቫር ፎቶ አነሳ።

ከሥር ጭቃ። ዶክተሯ ጉድጓዱ ውስጥ በጉልበታቸው ወርደው በእጃቸው ዛቁት። ኤውፍሮሲና በገንቦዋ ውሃ አፈሰሰች፣ እሳቸው ጠረጉ፣ አፈሰሰች፣ ጠረጉ። ከዚያ ብሩሹ ቆመ።

ቅርፊት።

እንደገና ውሃ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከተራራው ከራሱ አለት ላይ የተፈለፈለች። ተንጋላ ሆዷን ወደ ላይ ሰጥታ፣ በላይዋ የነበረችውን ሆድ ለሆድ አቅፋ ትኖር የነበረች። አፏ ተከፍቷል፤ ምንጩ የሚፈልቀው ከዚያ ነው። ቀዩ ቀለም ውሃ ሲነካው በራ። ፑልኬው ለዘመናት የፈሰሰበት ስንጥቅ ከአፏ ጥግ ይደርሳል።

ዶክተር ኦልጊን ጭቃ ውስጥ ቁጭ አሉ። «ይቺን» አሉ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ፣ «ማንም ጭኖ አይሄድም።»

ሳልዲቫር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ደህና ሁኑ እንኳ አላለም። አሳዳጊ የበደለው።

ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ ባርኔጣ ወረወሩ። እኔ? እኔ ተናደድኩ! ሃምሳ አንድ ዓመት ከሥሬ ነበረች። ዓይኔን ባልጨፍን አያት ነበር። እባቧ ላይ ቁጭ ብዬ እንዳትነሳ የከለከልኩት እኔ፣ ሊያድነን የሚችለውን በመቀመጫዬ ደፍኜ ነበር የዋልኩት! ቃሉን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ። ኮዋትል፣ እባብ፣ መንታ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በቀልድ የኖረ ሰው እውነት ሲነገረው ይስቃል።

ሜይ 3፣ የመስቀል በዓል

የኛ የጠራቢዎች ቀን ነው። በሌላ ዓመት መስቀሉን በአበባ አስጊጬ የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ሸንጎው ስለ እኔ ተቀመጠ።

አንዳንዱ ይባረር አለ። ዳቦ ጋጋሪው ፑልኬ ይከልከል አለ፤ አውሬ ነው ያ ሰው። በመጨረሻ ማክሎቪዮ ተነሳ። «አባቴ ሥራውን አልጨረሰም» አለ። «ይጨርስ።»

ተፈረደ። የኔዋ እባብ ምንጩ ዳር ተገልብጣ ትቀመጣለች። ሆዷን በእጄ፣ በመሮ፣ ያለ ግራይንደር፣ ቅርፊት በቅርፊት እጠርባለሁ። ሲያልቅ ተመልሳ መንታዋ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሆዷም ዳግመኛ አይታይም።

«በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ?» ብዬ ጮህኩ።

«የቀረህ ሦስት ቀን እንደነበር ሩፊና ነግራኛለች» አለች ኤውፍሮሲና። «ቶሎ ጨርሰህ ጨፍር።»

ሜይ 21

ዝናቡ ገባ። መብረቁ ከተራራው ላይ እባብ እየሆነ ይወርዳል። የቅርስ ቢሮው ወረቀት መጥቶ ማክሎቪዮ በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል፤ ሰዓቱ የነበረበት ምስማር ላይ። ሆን ብሎ ነው።

የሆቴሉን እባቦች ትናንት ጫኗቸው። ሆዳቸው ልሙጥ ነው። አየሁ። ምንም አላልኩም። ጥርሴ ግን እስካሁን ያመኛል።

ዩሪዲያ ዛሬ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆመች። እስከ አሁን አላናገረችኝም ነበር። «ስንተኛው ነው?» አለች።

«ሰባተኛው ቅርፊት።»

«ከስንት?»

«ሂጂ ተማሪዎችሽን ቁጠሪ።»

ጃንጥላውን ግን ከላዬ አላነሳችም።

ይህ ጥቁር ድንጋይ የዲያብሎስ ጥርስ ነው። መሮው ይንሸራተታል፣ አንጓዬ ያብጣል፣ ከእያንዳንዱ ቅርፊት በኋላ መሳደብ አለብኝ። ከኮረብታው ሥር ለስላሳ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ ይህን ድንጋይ የመረጠው የሃያ ስምንት ዓመት ጅል ነው። ባገኘው በጥፊ አጮለው ነበር። ጆሮውን ይዤ እዚህ አስቀምጠው ነበር።

ሩፊና ያለችበት ዳንስ ሳያልቅ ግን እለቀው ነበር።